አምስት ከመቶ

በርበሬ ወንዝ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ፣
በቆርቆሮው በር ጎንበስ ብለን ስንገባ
አምስት ነበርን፤ ይመር፣ ጦይባ፣ ወርቅዬ፣
ከደሴ የሚወርደው ባለሆቴሉ ጌትዬ፣
አምስተኛው እኔ፣ ግማሽ ሻጭ ግማሽ ገዥ፣
ጽሕፈቱ ያምራል ተብዬ ቃለ ጉባኤ ያዥ።

ሸቀጣችን ሩቅ ነው፣ ከቀይ ባሕር ዳር፣
ሚሌ ላይ የሚውል፣ ባቲ ላይ የሚያድር፤
ብርቱካን ገላው ላይ ነጭ መቀነት የታጠቀ፣
ሰማያዊው፣ ቢጫው፣ ከሐር ክር የደመቀ፣
በላስቲክ ከረጢት፣ በአንድ ጣሳ ውሃ
የባሕር ልጅ ታዝሎ የሚያቋርጥ በረሃ።

ነገሩን ያፈረጠው ረዳቱ ያዮ ነው፦
«ጠላቂው መርዝ ይረጫል ከድንጋዩ ስንጥቅ፣
ዓሣው ራሱን ሲስት ይለቀማል እንደ ጨርቅ።
ድንጋይ ትሉታላችሁ፤ ነፍስ አለው፤ ተመልሶ አይነቃም።
ዓሣውም ቢነቃ ሳምንቱን አይዘልቅም።»

ዝም አልን። «ደንብ እንጻፍ» አለች ጦይባ፣
«ሰው ሳያዝዘን፣ እኛው ቃል እንግባ።»
አንቀጽ አንድ፦ በመርዝ የተያዘ አንገዛም።
አንቀጽ ሁለት፦ የሞተውን አንደብቅም።
አንቀጽ ሦስት፦ መንገድ ላይ የሚሞት፣ ከመቶ አምስት፤
ከዚያ ያሳለፈ ወር ሙሉ ይዘጋበት።
ፈረምን። ጌትዬ ለስላሳ ጋበዘ፤
የማኅተሙ ቀለም አውራ ጣቴን ያዘ።

በመጀመሪያው ወር ይመር «አምስት» አለ።
ጦይባ አምስት። ወርቅዬ አምስት።
እኔ ሳጥኔን ስከፍት
ሠላሳ አንዱ በጎናቸው ተንሳፈዋል፤
ብርቱካኑ ገርጥቶ መቀነቱ ላልቷል።
ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።
በሌሊት በባልዲ ይዤ ቦርከና ወረድኩ፤
የጨው ውሃ ልጆች፣ ጨው በማያውቅ ጎርፍ
ተገለባብጠው ሄዱ፣ አንዱ ባንዱ ሲያልፍ።
መዝገቡ ላይ ግን፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈት፦
«አምስት።»

በዓመቱ መንግሥት መጣ። ትህትና ትባላለች፣
ሐረጎን በሚኒባስ ወርዳ፣ ወረቀት አቅፋ ገባች።
ረቂቅ ነው፣ ሃምሳ ሁለት ገጽ፤
ፈቃድ፣ የማቆያ ጣቢያ፣ የወር ሪፖርት ቅጽ፣
ሳጥን ሁሉ በኬላ ይፈተሻል ይላል።
(ፈታሹን ከሾፌሩ ጋር ስንቴ አይቼዋለሁ፣
ከአንድ ሳህን ሲጎራረስ።)
ባሕር አይታ አታውቅም፤ ራሷም ነገረችን።
ግን መዝገቡን ገለጠች፣ ጣቷን አሳለፈችበት፣
«አሥራ ሁለት ወር፣ አምስት ቤት፣ ሁሉም አምስት?» አለች።
«እዚህ አገር ሞት ልኩን ያውቃል?» ብላ ሳቀች።

ይመር ተቆጣ፦ «እኛ ቃል ያለን ሰዎች ነን!
ደም የተቃባውን በአባጋር ያስታረቅን፣
ለዓሣ ነው አሁን ፖሊስ የሚያሻን?»
እውነቱን ነው ልል አሰብኩ።
ውሸቱን ነው ልልም አሰብኩ።
ምላሴ ላይ የቦርከና ጭቃ ነበረ።

ድሮ፣ ጦር የነቀነቀ ሰው ገና ሳይወረውር
«በሕግ አምላክ» ከተባለ ይተከል ነበር ከምድር፤
ዘበኛ የለ፣ ካቴና የለ፤ ቃሉ ነበር ኬላው፣
አዋጁም ደንቡም ያን ጊዜ ደረቱ ነበር ቤታቸው።
ግን ቃሉን የሚጠራ አፍ ያስፈልግ ነበረ።

ዓሣው አፍ አለው።
ይከፍታል። ይዘጋል። ይከፍታል።
እሱ ከመስተዋቱ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ፤
ስንት ዓመት ሙሉ ራበው ብዬ
ፍርፋሪ በተንኩለት።

ብዕሯን ለመንኳት።
«አምስት»ን ሰረዝኩ። እጄ ተንቀጥቅጦ፣
እንደ ተማሪ ልጅ በተጣመመ ፊደል
«ሠላሳ አንድ» ብዬ ጻፍኩ።
ይመር በሩን ወርውሮ ወጣ።
ወርቅዬ ስልኳን አየች።
ጦይባ ግን ወንበሯን አስጠግታ «የእኔን…» አለች፣
«የእኔን ቆይ…» ብላ ጣቶቿን መቁጠር ጀመረች።

ውጭ ጎማ ጠጋኙ ጎማውን ውሃ ውስጥ ነክሮ
አጎንብሷል፤
አረፋው ከየት በኩል እንደሚወጣ
ይጠብቃል።